ፀጉሩ የኛ፣ እጁ የሰው

መቼም ስለ ሻወር ቤት ቀዳዳ መጻፍ አያኮራም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ጋዜጠኝነት ስንማር፣ አንድ ቀን ስለ ተደፈነ ፍሳሽ አምድ እናዘጋጃለን ብለን አላሰብንም። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ኑሮ ውድነት መጻፍ ያምርብናል፤ እናውቃለን። ግን በዚህ ወር በምንኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ያየነውን ካየን በኋላ፣ ስለዚህች መዳፍ ስለማታክል ቀዳዳ ሳንጽፍ ስለ ሌላ ነገር ብንጽፍ ሕሊናችን ይታዘበናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሴቶች ነን። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ሦስታችንም ፀጉር አለን፤ ያውም ረጅም። ቅዳሜ ማታ ተራ በተራ ቅቤ እንቀባለን፤ እሑድ ጠዋት ቦይለሩን ከፍተን በሙቅ ውሃ እናስለቅቃለን። ሹሩባ እንፈታለን፣ እናበጥራለን፣ እንታጠባለን። የወለቀውን ፀጉር ውሃው ይዞት ይሄዳል። የት እንደሚሄድ ግን አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም።

ታዲያ ውሃው መጀመሪያ ቀስ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ቆም ብሎ ማሰብ ጀመረ። በመጨረሻም ግራጫ አረፋውን እንደተሸከመ እስከ ቁርጭምጭሚታችን ይሞላ ጀመር። እኛስ ምን አደረግን? የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን እሱ ላይ ቆመን ታጠብን። ለሦስት ሳምንት! ሦስት ዲግሪ የተሰቀለበት ቤት የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሞ ታጠበ።

"የሆነ ነገር አፍስሱበት"

በሦስተኛው ሳምንት ምክር ጠየቅን። የሁሉም ሰው መልስ አንድ ነበር፤ "የሆነ ነገር አፍስሱበት!" ማንም "ክፈቱትና እዩት" አላለንም።

መጀመሪያ ቲክቶክ ላይ ያየነውን ሞከርን፤ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰን አቼቶ አፈሰስንበት። ተንቦጫቦጨ። በጣም ያምራል። አጨበጨብን። ከዚያ ውሃው እንደቆመ ቀረ። ኋላ ነው የገባን። ሶዳውና አቼቶው ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ፤ የሚተርፈው ውሃ፣ ትንሽ ጨውና አምቦ ውሃ ውስጥ የምናውቀው ጋዝ ነው። እንኳን ፀጉር ሊያሟሟ የቅቤውን ጫፍም አይነካም። ያየነው ትርኢት ነበር፤ ለዚያውም ወጥ ቤት ውስጥ ሊያገለግል የሚችል ዕቃ ያባከነ ትርኢት።

ቀጥለን አሲድ ገዛን። ከሰፈር ሱቅ፣ ምንም ጽሑፍ በሌለበት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ተሰጠን። የምን አሲድ ነው? ምን ያህል የበረታ ነው? ከምን ጋር አይገናኝም? አልጠየቅንም። አስቡት እንግዲህ፤ መጠየቅ ሙያችን ነው ብለን የተመረቅን ሰዎች ነን። ግማሹን አፈሰስን፣ አፍንጫችንን ይዘን ሮጥን፣ በሩን ዘጋን። ውሃው ለአንድ ቀን ትንሽ ተሻለው፤ በማግስቱ ተመልሶ ቆመ። የተረፈውን ግማሽ ከእጅ መታጠቢያው ሥር አስቀመጥነው።

ከሁለት ቀን በኋላ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩ። "እናንተ ልጆች፣ ያቺ የቧንቧ መክፈቻ ከናንተ አትጠፋም ብዬ ነው። የኔም ተደፍኖ አስቸገረኝ" አሉን። እኛም ደስ ብሎን አውጥተን ሰጠናቸው። ጉርብትና አይደል!

አሲዱን ያፈሰሱት ግን እሳቸው አልነበሩም። ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ይሆናት አይሆናት የማናውቃት የቤት ሠራተኛቸው ናት። አፈሰሰች። አልሠራም። "በረኪናም ጨምሪበት" ተባለች። ሽታው ሳሎን እንዳይገባ በሩን ዝጊው ተባለች። ዘጋችው፤ ራሷ ግን ውስጥ ነበረች።

እኛ የሰማነው ሳሏን ነው። ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗ እየፈሰሰ፣ ትንፋሽ አጥሯት በሁለት እጇ ደረቷን ይዛለች። ሁለታችን ደግፈን ወደ ውጭ አወጣናት፤ አንዳችን ታክሲ ጠራን። ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ተሰጣትና እስከ ማታ ተኝታ ቆየች። ተርፋለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አመሻሹ ላይ ይዘናት ስንመለስ አሠሪዋ በር ላይ ተቀበሉን። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ነበር፤

"ውሃውስ ሄደ?"

በሴትዮዋ ለመፍረድ ቸኩለን ነበር። ከዚያ ፕላስቲኩን አስታወስነው። አሲዱን የሰጠናት እኛ ነን። ምን እንደሆነ ሳናውቅ ገዝተን፣ ምን እንደሚያደርግ ሳንናገር ያቀበልን እኛ ነን። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ክስ ከሆነ፣ አንደኛ ተከሳሾች እኛው ነን።

የሠራነው ነገር ስም አለው

በረኪና አሲድ ሲያገኘው ክሎሪን የተባለውን ጋዝ ይለቃል። ክሎሪን በውሃ ማጣሪያ በልክ ሲገባ የሚጠቅመን ነው፤ እንዲህ ታፍኖ ሲወጣ ግን ዓይንንና ሳንባን ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1915 በቤልጂየም ኢፕር ከተማ አጠገብ የጀርመን ጦር በጠላቱ ምሽግ ላይ የለቀቀው ጋዝ ይኸው ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለን ወታደር የሚያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። አሁን እስቲ የኮንዶሚኒየም ሻወር ቤት አስቡ። ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ከመጽሐፍ ብዙም አይበልጥም፤ በሩ ተዘግቷል። ቀዳዳውን የሚያጸዳ ሰው ደግሞ የሚሠራው ቆሞ አይደለም፤ ቁጢጥ ብሎ ነው። አፍንጫው ጋዙ የሚተኛበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው።

"እኛ አሲድ አንጠቀምም፤ ኮስቲክ ሶዳ ነው የምንጠቀመው" የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ ፀጉር ይበላል። ሥጋም ይበላል። ውሃ ሲነካው እየጋለ ይፈላል፤ ሊረጭም ይችላል። ደግሞስ ቧንቧው ጨርሶ ተደፍኖ ከሆነ ወዴት ይሄዳል? እዚያው ይቆማል። መርዝ የሆነ ውሃ ሞልቶ ይጠብቃል። ማንን? ቀጥሎ እጁን የሚከተውን ሰው።

ያ ሰው አለን ወይ አንልም። ከዚያ አደጋ በኋላ የጠራነው የቧንቧ ባለሙያ በሩን ገብቶ ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀን፣ "እህቶቼ፣ ምን ምን አፍስሳችሁበታል?" ብሎ ነበር። ለምን እንደጠየቀ ሳንረዳ አየነው። የግራ እጁን አንጓ ገልብጦ አሳየን። ቆዳው እንደ ቀለጠ ላስቲክ ተኮማትሯል። "ምንም አላፈሰስንም ያሉኝ ቤት ነው" አለን። ሌላ አልጨመረም።

የመንካት ፍርሃት

እንግዲህ ክርክራችን ይህ ነው። እኛ የከተማ ልጆች የተደፈነ ፍሳሽ ሲያጋጥመን የምንፈልገው ፍሳሹ እንዲከፈት ብቻ አይደለም፤ ሳንነካው እንዲከፈት ነው። ላለመንካት ስንል መርዝ እንገዛለን፣ ሰው እናሳምማለን፣ የታችኛውን ፎቅ ጣሪያ እናበሰብሳለን። ለመሆኑ ያ የምንሸሸው ነገር ምንድን ነው? የራሳችን ፀጉር! ራሳችን ላይ ሳለ ስንት ቅባት፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ብር ያወጣንበት ፀጉር! ከቀዳዳው በታች አንድ ስንዝር ሲወርድ የማንም ያልሆነ "ቆሻሻ" ይሆናል። እንደ ጌጥ ሲታይ የኛ፣ ሲደፍን የሠራተኛዋ።

ባለሙያው ያመጣው መሣሪያ ካቻቢቴና የልብስ መስቀያ ሽቦ ነበር። በካቻቢቴው ክዳኑን አነሳ። ሽቦውን ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ አጥፎ አስገባ፣ አዞረ፣ ሳበ። የወጣው ነገር ረጅም፣ ጥቁር፣ በነጭ ቅባት የተለበጠ የአይጥ ሬሳ የሚመስል ጉድ ነበር። አንዳችን ጮህን። ውሃው ግን "ጉርርር" ብሎ ሄደ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አፋችንን አላፈረም፤ "ለአምስት ደቂቃ ይህን ያህል ብር?" ልንል ነበር። የአንጓው ጠባሳ ነው ዝም ያሰኘን። ከፈልን።

ውስጡ ምን አለ?

ያ የአይጥ ሬሳ የተሠራው ከሦስት ነገር ነው። አንደኛው ፀጉር ነው፤ እርስ በርሱ ተጠላልፎ መረብ ይሠራል። ሁለተኛው ሳሙና ነው፤ ውሃ ውስጥ ካሉ እንደ ካልሲየም ካሉ ማዕድናት ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ መረቡም ይይዘዋል። ሦስተኛው የኛ የሐበሻ ሴቶች ልዩ አስተዋጽኦ ነው፤ ቅቤ። በሙቅ ውሃ ቀልጦ ይወርዳል፤ ቀዝቃዛው ቧንቧ ውስጥ ሲደርስ ይረጋል። "በሙቅ ውሃ ስለታጠብን ሄዷል" የምንለው ቅቤ የሄደው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሚከማችበት ቦታ ደግሞ ባለሙያዎች ሲፎን የሚሉት የታጠፈ ቧንቧ ነው። መታጠፉ ስህተት አይደለም። ማጠፊያው ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቆያል፤ ያ ውሃ ከታች የሚመጣውን ሽታና ጋዝ የሚዘጋ በር ነው። አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ የሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1775 ይህንን ዓይነት ጠማማ ቧንቧ ለሽንት ቤት ተጠቅሞ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስካሁን ከዚያች እፍኝ ውሃ የተሻለ በር አልተገኘም።

ያቺ ውሃ ከደረቀች ምን ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ2003 በሆንግ ኮንግ አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃዎች ስብስብ ውስጥ ሳርስ ከ300 በላይ ሰዎችን ያዘ። መርማሪዎች ለመዛመቱ ከጠረጠሯቸው መንገዶች ዋነኛው የሻወር ቤት ወለል ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ሲፎኖቹ ደርቀው ስለነበር ከጋራው ቧንቧ የሚነሳው አየር ወደ ቤቶቹ ይገባ ነበር። ውሃ በፈረቃ በምናገኝበት ከተማ፣ ከባልዲ እየቀዳን በምንታጠብበት ሕንፃ ውስጥ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሽንት ቤታችን "ያለ ምክንያት" ሲሸት ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሰንደል መለኮስ አያስፈልግም፤ ቀዳዳው ውስጥ አንድ ጣሳ ውሃ መጨመር በቂ ነው።

እሺ፣ ምን እናድርግ?

ጓንት አድርጉ። የቆመውን ውሃ በጣሳ ቅዱ። ክዳኑን በካቻቢቴ ፍቱ። ሽቦውን እንደ መንጠቆ አጥፉና አስገቡ፤ አዙሩ፤ ሳቡ። አደራ፣ አትግፉ! የገፋችሁት ፀጉር የጎረቤት ችግር ሆኖ ይመለሳል። የወጣውን ወረቀት ጠቅልላችሁ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጣሉት፤ ሽንት ቤት ውስጥ የጣላችሁት እንደሆነ ችግሩን ከአንድ ቧንቧ ወደ ሌላ አዛወራችሁት እንጂ አልፈታችሁትም።

ካልተሳካ ያ የእንጨት እጀታ ያለው የጎማ ቆብ አለ። ጎማውን የሚሸፍን ያህል ውሃ ይኑር። ገንዳ ያላችሁ ዕድለኞች ደግሞ ገንዳው ወገብ ላይ ያለችውን የትርፍ ውሃ ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ፤ አለበለዚያ የምትገፉት አየር በዚያ ሾልኮ ይወጣና ድካሙ ብቻ ይተርፋችኋል። ከዚያ ደጋግማችሁ ግፉ፣ ሳቡ። ለቅቤው ፈሳሽ ሳሙናና ሞቅ ያለ ውሃ ጨምሩ። የሞቀ እንጂ የፈላ አላልንም፤ የፕላስቲክ ቧንቧ የፈላ ውሃ ያለመልመዋል፣ መጋጠሚያውንም ያላላዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ከመታጠባችሁ በፊት አበጥሩ። ቅቤውን ከማስለቀቃችሁ በፊት በሶፍት ጠረግ ጠረግ አድርጉት። ቀዳዳው ላይ ትንሽ ወንፊት አድርጉ። ከታጠባችሁ በኋላ የቀረውን ፀጉር በጣታችሁ አንሱ። አዎ፣ በጣታችሁ።

"ግን እኮ..." ለምትሉ

"ሠራተኛዋ ለምን ተቀጠረች ታዲያ?" የሚል አይጠፋም። ቤት ልታጸዳ ተቀጠረች፤ ያልተጻፈበት አሲድ ከበረኪና ጋር ልትቀላቅል አልተቀጠረችም። ቀዳዳውን በሽቦ እንድትከፍት ከጠየቃችኋት ጓንት ስጧት፣ አሳዩአት። ለራሳችሁ የማትደፍሩትን ግን ለእሷ አትዘዙ።

"የወንድ ሥራ ነው" የምትሉ እህቶቻችን ደግሞ አላችሁ። ሽቦ ማጠፍ ሹሩባ ከመሥራት በብዙ ይቀላል። "የሴት ፀጉር ነው የደፈነው" ለምትሉ ወንድሞችም፣ የተላጫችሁት ጺም በእግሩ ተራምዶ አልወጣም።

"ችግሩ የሕንፃው ነው፤ ቧንቧው ሲሠራ ነው የተበላሸው" የሚለውን ግን በቁም ነገር እንወስደዋለን። አንዳንዴ ልክ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ የሻወሩ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ የዘገየው ችግሩ የናንተ ነው። ሽንት ቤቱም፣ የወጥ ቤቱም አብሮ እምቢ ካለ፣ ወይም ላይኛው ፎቅ ሲታጠብ በናንተ ቀዳዳ ውሃ ከወጣ፣ የታመመው የጋራው ቧንቧ ነው። እሱን ሽቦም አሲድም አያድነውም። በ1995 ዓ.ም የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ለይቶ፣ የጋራውን እንዲያስተዳድር የቤት ባለቤቶችን ማኅበር ያቋቋመው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ወደ ማኅበሩ ሂዱ፤ መዋጮ ሲጠየቅም በሩን ዘግታችሁ ቤት የለም አታሰኙ።

ግን ወደ ማኅበሩ የምንሄደው መጀመሪያ የራሳችንን ክዳን ከፍተን ካየን በኋላ ነው። እኛ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራ ተቋራጩን ስንረግም ከርመን ነበር። ከቀዳዳው የወጣው ግን የሥራ ተቋራጩ ፀጉር አልነበረም።

ልጅቷ አሁን ደህና ናት። ሳሏ ግን አልፎ አልፎ ደረጃው ላይ ይሰማናል። ባለፈው እሑድ ወርደን አሲድ የሰጠናት እኛ መሆናችንን ነገርናት፣ ይቅርታም ጠየቅናት። አፍራ መሬት መሬት አየችና "ምን አጠፋችሁ እናንተ" አለችን። ጥፋት ያየንባት ያህል ነው የመለሰችልን። ጓንትና ሽቦ ይዘንላት ሄደን ስለነበር፣ የአሠሪዋን ቀዳዳ አብረን ከፈትነው። የወጣው ፀጉር ረጅምና ሽበት የጣለበት ነበር። የእሷ ፀጉር አጭር ነው።

ዛሬ ማታ ወደ ሻወር ቤታችሁ ግቡ። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጽሑፍ የሌለው ፕላስቲክ ካለ ለማንም አታውሱት። ከዚያ ጓንት አድርጉና ክዳኑን አንሱ። የምታገኙት ነገር ደስ አይልም፤ ግን የናንተው ነው። ቸር እንሰንብት።